በየመን መንገድ ለሚሰጥሙት ልጆቻችን የባሕር ሕጉ የት ነው ያለው?

የቆቦ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የባሕር ሕግ የምታውቁ፣ መርከብ ላይ የሠራችሁ፣ በዚያ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ይህን ጥያቄ እንድትመልሱልኝ እለምናችኋለሁ። ቀኖቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሴፕቴምበር 2008 ላይ «ፋይና» የምትባል መርከብ 33 ታንክ እንደጫነች በሶማሊያ ወንበዴዎች ተያዘች። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ድፍድፍ ነዳጅ የጫነችው ግዙፏ የሳዑዲ መርከብ «ሲሪየስ ስታር» ተጠለፈች። ዓለም ተንጫጫ። የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ውሳኔ በውሳኔ ላይ ደራረበ። የአውሮፓ ኅብረት ዲሴምበር ላይ አታላንታ የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። አሜሪካ፣ ሕንድ፣ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ጃፓን የጦር መርከብ ላኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሶማሊያ ውንብድና ከሞላ ጎደል ቆመ። እሰየው ነው። መርከበኞቹም የሰው ልጆች ናቸው፤ ወራት ሙሉ ታግተው የተሠቃዩ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልጆች እንምጣ። ኦገስት 2017 ላይ አሻጋሪዎች 120 ገደማ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችን የመን ውስጥ ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ አስገድደው ባሕር ውስጥ ጣሏቸው። አብዛኞቹ ገና ልጆች ነበሩ። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ሠራተኞች ሲደርሱ፣ የተረፉት ጓደኞቻቸውን አሸዋው ውስጥ ቀብረዋቸው ነበር። በማግሥቱ ሌሎች 180 ሰዎች እንደዚያው ተጣሉ። ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ከየመን የሚመለሱ 310 ሰዎች የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ሲቃረቡ ነጂዎቹ ሰዉን ወደ ባሕር አስወረዱት፤ ቢያንስ 45 ሰው ሞተ። ኦገስት 3 ቀን 2025 የመን ውስጥ አብያን ጠረፍ አጠገብ ጀልባ ተገልብጣ ዘጠና ገደማ ወገኖቻችን ሞቱ።

እኔ ባደግሁበት በቆቦና በራያ ይህ መንገድ ያልነካው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ እናቶች «የት ተቀበረ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። የሚመልስላቸው የለም።

ጅቡቲ ከተማና አካባቢዋ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣልያንና የቻይና ጦር ሰፈር አለ። ልጆቻችን የሚሳፈሩባት ኦቦክ ከዚያ የምትለየው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው። መርከብ ሲዘረፍ የሁሉም አገር ባሕር ኃይል ተነሥቶ፣ ሰው ባሕር ውስጥ ሲጣል የማንም የማይነሣው በየትኛው ሕግ ነው?

የሕግ ባለሙያ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ከመሠረቱ ልጀምር።

በባሕር ላይ ዋናው ደንብ መርከብ በባንዲራዋ አገር ትዳኛለች የሚለው ነው። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 92 ላይ ሰፍሯል። የፓናማን ባንዲራ የያዘች መርከብ ላይ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ዝም ብሎ ወጥቶ ሰው ማሰር አይችልም። ፓናማን ማስፈቀድ አለበት።

ውንብድና ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። አንቀጽ 105 ማንኛውም አገር የወንበዴዎችን መርከብ ይዞ፣ ሰዎቹን አስሮ፣ በራሱ ፍርድ ቤት ሊዳኛቸው እንደሚችል ይደነግጋል። ለሌላ ወንጀል እንዲህ ያለ ሰፊ ሥልጣን በባሕር ላይ አልተሰጠም። ነገር ግን አንድ ድርጊት ውንብድና እንዲባል አንቀጽ 101 የዘረዘራቸው ነገሮች መሟላት አለባቸው። ለግል ዓላማ የተፈጸመ መሆን አለበት። አንዱ መርከብ ሌላውን ማጥቃት አለበት። ቦታውም ከማንኛውም አገር የግዛት ባሕር ውጭ መሆን አለበት።

አሻጋሪው በገዛ ጀልባው የጫናቸውን ሰዎች ሲገድል ሁለተኛ መርከብ የለም። ስለዚህ በሕጉ ወንበዴ አይባልም።

ይህ ክፍተት አዲስ አይደለም። 1985 ላይ «አኪሌ ላውሮ» የተባለችውን የጣልያን የመንገደኞች መርከብ የጠለፉት ሰዎች ተሳፋሪ መስለው የገቡ ነበሩ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ አሜሪካዊ አዛውንት ገድለው ባሕር ውስጥ ጣሉ። ያኔም ሁለተኛ መርከብ አልነበረም፤ የውንብድናው ሕግ አላስኬድ አለ። ከዚያ በኋላ ነው 1988 ላይ ሮም ውስጥ ሌላ ስምምነት የተፈረመው። ያ ስምምነት መርከብ መጥለፍንና የመርከብን ጉዞ አደጋ ላይ የሚጥል ጥቃትን ወንጀል አደረገ። ተጠርጣሪው የተገኘበት አገር ወይ እንዲዳኘው ወይ አሳልፎ እንዲሰጠው አስገደደ። አንድ ሰው ተገድሎ ዓለም በ3 ዓመት ውስጥ አዲስ ሕግ ጻፈ ማለት ነው።

ሰው ማሻገርን የሚመለከተው የ2000 የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ነው። አንቀጽ 8 ጀልባዋን ለመፈተሽ መጀመሪያ የባንዲራዋን አገር አስፈቅዱ ይላል። ባንዲራ የሌላት ጀልባ ከሆነች የጦር መርከብ ወጥቶ ሊፈትሻት ይችላል። አሻጋሪዎቹን ማን ይከሳቸዋል፣ የት ይዳኛሉ ለሚለው ግን እንደ ውንብድናው ቁርጥ ያለ መልስ የለም።

አዳማ ሰፈር፦

ይህ ሁሉ አንቀጽ ተደምሮ አንድ ነገር ነው የሚለው። የነዳጅ መርከብ ባለቤት አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ የሚጮህለት መንግሥት አለው። የራያ ልጅ ማን አለው?

የምጽዋው ባሕረኛ፦

ልጆቼ፣ እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ያገለገልኩ ሰው ነኝ። የሕግ ባለሙያው ልጄ ያለው ትክክል ነው። እኔ ካርታውን ልጨምርበት።

ባብ ኤል መንደብ፣ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው መተላለፊያ፣ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ አገር የግዛት ባሕሩ ከጠረፉ 12 የባሕር ማይል ይዘልቃል፤ 22 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በዚህ በኩል ጅቡቲና ኤርትራ አሉ፣ በዚያ በኩል የመን። የሁለቱ ወገን ሲደመር ጠባቡን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ ባለቤት የሌለው ባሕር የለም። የውጭ መርከቦች ሳይቆሙ የማለፍ መብት አላቸው፤ የጦር መርከብም ጭምር። ሲያልፉ ግን ፖሊስ ሆነው የሰው ጀልባ ማስቆም አይችሉም።

ከኦቦክ በስተሰሜን ካለው ጠረፍ ሌሊት የምትነሣ ጀልባ ከጅቡቲ ውኃ ወጥታ የየመን ውኃ ትገባለች። የሌላ አገር ጦር መርከብ በሕግ ሊይዛት የሚችልበት ቦታ አንድም ጠባብ ነው፣ አንድም ጭራሽ የለም። ከሶማሊያዋ ወደብ ከቦሳሶ የሚነሡት ይለያሉ። እዚያ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሰፊ ነው። ከሁለቱ ጠረፎች 12 ማይል የራቀ ብዙ ውኃ አለ፤ ባንዲራ የሌላት ጀልባ እዚያ ላይ ልትፈተሽ ትችላለች።

ማሳደድም ደንብ አለው። አንቀጽ 111ን ተመልከቱ። የጅቡቲ ጠባቂ ጀልባ በራሷ ውኃ ወንጀለኛ ካየች መጀመሪያ «ቁም» የሚል ምልክት በሚታይ ወይም በሚሰማ ርቀት መስጠት አለባት። ከዚያ ሳታቋርጥ ወደ ክፍት ባሕር ልትከተለው ትችላለች። የሚሸሸው ጀልባ የሌላ አገር የግዛት ባሕር እንደገባ ግን ማሳደዱ ያበቃል። የየመንን መስመር ከረገጠ አምልጧል። አሻጋሪዎቹም ይህን በተግባር አሳምረው ያውቁታል።

ሶማሊያ ላይ ይህን አጥር ያነሣው የጸጥታው ምክር ቤት ነበር። ጁን 2008 የወጣው ውሳኔ 1816 የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ሲስማማ የውጭ ባሕር ኃይሎች የግዛት ባሕሯ ውስጥ ገብተው ወንበዴ እንዲያሳድዱ ፈቀደ። ፈቃዱ እየታደሰ እስከ ማርች 2022 ቆየ። ስለዚህ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚለውን ቃል እንደ ተራራ አትዩት። ጠረፉ የማን ነው ከተባለ የባለቤቱን እሺታ መጠየቅ ነው። የጠየቀ ግን የለም።

ኢንጂን ሩም፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ ባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ የተማርኩ ማሪን ኢንጂነር ነኝ፤ የምሠራው በውጭ መርከብ ላይ ነው። እናንተ የምታወሩበትን ውኃ ከመርከቡ ውስጥ ሆኜ አውቀዋለሁ።

ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንገባ የምናደርገው ብዙ ነው። ዙሪያውን ምላጭ ሽቦ ይታሰራል። የእሳት ማጥፊያው ቱቦ ውኃ እየረጨ እንዲቆይ ይዘጋጃል። በየጎኑ ጠባቂ ይቆማል። ወንበዴ ከወጣ ሁላችንም ገብተን የምንቆልፈው፣ ሬዲዮና ምግብ ያለው ክፍል አለ። ብዙ መርከቦች የታጠቁ ጠባቂዎች ይቀጥራሉ። የሶማሊያን ውንብድና ያዳከመው የጦር መርከቡ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው።

አሁን ችግሩን እዩት። በሌሊት፣ በራዳር ላይ የምትታይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ናት። ወንበዴ ትሁን፣ ዓሣ አጥማጅ ትሁን፣ ስደተኛ የጫነች ትሁን ቶሎ አይለይም። ካፒቴኑ መጀመሪያ የሚያስበው ወንበዴ ናት ብሎ ነው። ፍጥነት ጨምረን እንርቃለን። ፌብሩዋሪ 2012 ላይ «ኤንሪካ ሌክሲ» የተባለችውን የጣልያን ታንከር የሚጠብቁ ወታደሮች ሕንድ ኬራላ አቅራቢያ ሁለት ዓሣ አጥማጆችን ወንበዴ መስለዋቸው ተኩሰው ገደሉ። ጣልያንና ሕንድ ለዓመታት ተካሰሱበት። 2020 ላይ የግልግል ፍርድ ቤቱ ሕንድ ወታደሮቹን መዳኘት አትችልም፣ ጣልያን ግን ካሣ ትክፈል ብሎ ወሰነ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ልጆች ላይ ቢደርስ ማን ያውቃል? ጀልባዋ የት እንደገባች የሚጠይቅ እንኳ የለም።

ሕጉ ግን አንድ ነገር ላይ ግልጽ ነው። አንቀጽ 98 ማንኛውም ካፒቴን በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበን ሰው ማዳን አለበት ይላል። ወረቀት አለው የለውም፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል አይልም። በጥሩ ልብ የሚያድኑ ካፒቴኖች አሉ፤ አይቻለሁ፤ እኮራባቸዋለሁ። የሚያልፉም አሉ። ያዳኗቸውን ሰዎች የትኛው ወደብ እንደሚቀበላቸው አለማወቅ ብዙዎችን ያስፈራል።

የቆቦ እህት፦

ጋሼ፣ ወንድሜ ኢንጂን ሩም፣ ከልብ አመሰግናለሁ። «የጠየቀ የለም» ያሉት ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የጦር መርከብ ባሪያ የጫነ መርከብን እንዲፈትሽ ሕጉ ይፈቅዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ልጆቻችን የመን ሲደርሱ ግቢ ውስጥ ተቆልፈው፣ ተገርፈው፣ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ በስልክ እየጮኹ ይሰማሉ። ይህ ባርነት ካልሆነ ምንድን ነው?

የሕግ ባለሙያ፦

አንቀጽ 110 የጦር መርከብ በባሪያ ንግድ የተጠረጠረን መርከብ ወጥቶ እንዲፈትሽ ይፈቅዳል። እዚያ ላይ ትክክል ነሽ። ነገር ግን መፈተሽ እንጂ መያዝና መዳኘት አላለም። ለውንብድና የተሰጠው ሥልጣን ለባሪያ ንግድ አልተሰጠም። እኔም እንደ ሕግ ሰው ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ሁለተኛው ችግር ሕጉ ሁለት ነገር መለየቱ ነው። አንዱ ሰው ከፍሎ፣ ፈቅዶ ድንበር የሚሻገርበት ነው። ሌላው ተታልሎ ወይም ተገድዶ ለብዝበዛ የሚወሰድበት ነው። የየመን መንገድ በመጀመሪያው ጀምሮ በሁለተኛው ያልቃል። ኦቦክ ላይ ጀልባ ሲገባ ከፋይ ነው፤ ማዶ ሲወርድ እስረኛ ነው። ባሕሩ ላይ የቆመ የጦር መርከብ አዛዥ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ትራንዚተር ጅቡቲ፦

እኔ ወደብ ላይ ነው የምሠራው። የአገራችን ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ይህን አገር በቅርብ አውቀዋለሁ።

ስለ ጅቡቲ ባሕር ጠረፍ ጠባቂ ፍትሐዊ መሆን አለብን። ጠረፋቸው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጀልባዎቻቸው ጥቂት ናቸው፤ ጃፓንና አሜሪካ የሰጧቸው አሉባቸው። አስከሬን ከባሕር የሚያወጡት፣ የተረፉትን ተሸክመው ወደ ኦቦክ የሚያመጡት እነዚሁ ልጆች ናቸው። የዚያ አካባቢ ሰውም ቀባሪ ሆኖ ኖሯል። ኤፕሪል 2024 ላይ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባ ሲሰጥም በዓይኔ ያየሁት ድካም ነው።

የየመን በኩል ግን ሌላ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ያለውን ብዙ ጠረፍ ሁቲዎች ይዘውታል። ወደ ኤደን በኩል ያለው በመንግሥትና በተለያዩ ታጣቂዎች እጅ ነው። ጋሼ «የባለቤቱን እሺታ» ብለዋል። እዚያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መንደር ለመንደር ይለያያል።

ኦቦክ ያለፍኩ፦

ብዙ ጊዜ እዚህ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ልጻፍ።

ማታ ነው የጫኑን። ጉልበታችንን አቅፈን፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። የተነሣ ይመታል። ውኃ አልነበረም። ልጆች ያስታውኩ ነበር። ሊነጋ ሲል ነጂው ከሩቅ መብራት አየ። ጠባቂ ጀልባ መሰለው። ወዲያው ሞተሩን አቀዘቀዘና «ውረዱ» ማለት ጀመረ። ጠረፉ ይታያል፤ እግር ግን አይደርስም። ዋና የማይችሉ ነበሩ። አብዛኞቻችን ከደጋ የመጣን ነን፤ ባሕር የምናውቀው በስም ነው። እምቢ ያለውን በዱላ እየመቱ ጣሉ። ከጎኔ የነበረው የአርሲ ልጅ እጄን ይዞኝ ነበር።

እኔ ተርፌያለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የምለው አንድ ነገር ነው። ጠባቂ ጀልባ ብታበዙ እኛን ቶሎ ነው የሚጥሉን። እኛን ከጣሉ እነሱ ባዶ ጀልባ ናቸው። ማስረጃው ባሕር ውስጥ ነው የሚቀረው።

የምጽዋው ባሕረኛ፦

ልጄ፣ እንኳን ተረፍክ። የአርሲውን ልጅ ነፍስ ይማር። ያልከውን ማንም ባሕረኛ አይክደውም። በኔ ዘመን ኮንትሮባንድ የጫነ ጀልባ ስናሳድድ ዕቃውን ወደ ባሕር እየወረወረ ይሸሽ ነበር። አሁን የሚወረወረው ሰው ነው።

ከሮም፦

የጻፍከው ልቤን ሰብሮታል ወንድሜ። እኔ ጣልያን የምኖር በሊቢያ በኩል የመጣሁ ሰው ነኝ። ማስጠንቀቂያ ልጨምር።

የቆቦ እህት ያነሣችው ዓይነት ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቷል። ኦክቶበር 2015 ላይ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2240 ከሊቢያ ጠረፍ ማዶ ባለው ክፍት ባሕር ላይ የስደተኛ ጀልባዎችን መፈተሽና መያዝ ፈቀደ። ለምን ለሊቢያ ሆነ? ጀልባዎቹ ወደ አውሮፓ ስለሚመጡ ነው። የአውሮፓ መርከቦች የእንጨት ጀልባዎችን እየያዙ አወደሙ። አሻጋሪዎቹ ወደ ጎማ ጀልባ ዞሩ። እሱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቶሎ ይተነፍሳል።

ከዚያ በፊትም ሜይ 2009 ላይ የጣልያን መርከቦች ከላምፔዱዛ በስተደቡብ 200 ያህል ሰዎች ይዘው በቀጥታ ወደ ትሪፖሊ መለሷቸው። ከመሐላቸው 24ቱ፣ ሶማሌዎችና ኤርትራውያን፣ ክስ መሠረቱ። ፌብሩዋሪ 2012 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ጣልያን ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ። በጦር መርከብህ ላይ የጫንከው ሰው ክፍት ባሕር ላይም ቢሆን በአንተ ኃላፊነት ሥር ነው አለ። ትልቅ ፍርድ ነው። ግን ምን ሆነ? ከዚያ ወዲህ ራሳቸው መያዙን ትተው የሊቢያን ጠረፍ ጠባቂ እያስታጠቁ ያስይዛሉ። ስለዚህ የጦር መርከብ ይምጣልን ስንል፣ ይዞ ወዴት እንደሚወስዳቸው ካልተነጋገርን ልጆቻችንን ለሌላ እስር ቤት ነው የምናስረክባቸው።

አዲስ ገቢ፦

ሁቲዎች መርከብ ሲያጠቁ የነበረውስ? እሱም ውንብድና አይደለም ማለት ነው?

የሕግ ባለሙያ፦

ባጭሩ፣ ያከራክራል። ኖቬምበር 2023 «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችው የጭነት መርከብ ላይ በሄሊኮፕተር ወርደው 25 መርከበኞች ያዙ፤ የለቀቋቸው ጃንዋሪ 2025 ነው። ዓላማችን የግል ሳይሆን የፖለቲካ ነው ይላሉ። አንቀጽ 101 ደግሞ የግል ዓላማ ይላል። የ1988ቱ ስምምነት ግን ዓላማን አይጠይቅም፤ ጠለፋውን ብቻ ነው የሚያየው። የጸጥታው ምክር ቤት ጃንዋሪ 2024 ላይ በውሳኔ 2722 ጥቃቱ እንዲቆም ጠይቋል። መርከቦች በደቡብ አፍሪካ መዞር የጀመሩት በዚህ ጥቃት ምክንያት ነው። ሌላ ክር ይከፈትለት፤ ሰፊ ጉዳይ ነው።

የቆቦ እህት፦

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። በተለይ ኦቦክ ያለፍከው ወንድሜ፣ ያልከው ነገር ጥያቄዬን ቀየረው።

መጀመሪያ የጦር መርከብ ለምን አይመጣም ብዬ ነበር። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። የውንብድናውን ታሪክ ሳነብ እዚያም ችግሩ መያዙ አልነበረም። ሜይ 2010 የሩሲያ ኮማንዶዎች «ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ» የተባለችውን ታንከር ካስለቀቁ በኋላ የያዟቸውን ወንበዴዎች የት እንደሚዳኙ ስላላገኙ በትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ ለቀቋቸው። ሳይሞቱ አልቀሩም ተባለ። ይህም ግፍ ነው። ሌሎችም ባሕር ኃይሎች ይዘው ይለቁ ነበር። ነገሩ መልክ የያዘው ኬንያ 2009 ላይ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ተስማምታ ተጠርጣሪዎችን ሞምባሳ ላይ መዳኘት ስትጀምር ነው። ሲሸልስም ተከተለች። መርከበኞች ከያሉበት እየመጡ መሰከሩ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 2010 ላይ ሥልጣን የለንም ብሎ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው 2012 ላይ ሻረው።

እዚያ የሠራው ስምምነት፣ ፍርድ ቤትና ምስክር ነው። እኛ ጋ የጎደለው የትኛው ነው? ኢትዮጵያ 2009 የጅቡቲን የሥነ ምግባር ደንብ ከፈረሙት የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ናት። ያ ደንብ ስለ ውንብድና ነበር። 2017 ጅዳ ላይ ሲሻሻል ሰው ማዘዋወርና ማሻገርም ተጨመረበት። ስለዚህ ከጅቡቲና ከየመን ጋር የምንነጋገርበት ወረቀት አለ።

ምስክርም አለን። ምስክሮቹ የተረፉት ናቸው። አንተ ነህ ወንድሜ። ግን ምን እናደርጋለን? የተረፈ ልጅ ኦቦክ ወይም ኤደን ላይ ይቆያል፣ በአውሮፕላን ቦሌ ይደርሳል፣ ትንሽ የመጓጓዣ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ወደ ቀዬው ይሄዳል። ነጂውን በመልክ ያውቀዋል። የደላላውን ስልክ ያውቃል። ብሩ በማን ስም እንደገባ ቤተሰቡ ያውቃል። ይህን ሁሉ በሥርዓት ጠይቆ የሚመዘግብ፣ ለዐቃቤ ሕግ የሚያደርስ ከሌለ ማስረጃው የሚጠፋው ባሕር ውስጥ ብቻ አይደለም። መሬት ላይም እናጠፋዋለን። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ቦሌ ላይ፣ ኦቦክ ላይ፣ ኤደን ላይ ቃል የሚቀበል የሠለጠነ ሰው ይቀመጥ። ለመርማሪ የሚሆን፣ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ቃል ይመዝገብ። ጅቡቲም ከኛ ጋር ተጠርጣሪ የምትለዋወጥበት ግልጽ ስምምነት ይኑር።

አዳማ ሰፈር፦

ይህን እደግፋለሁ። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬ አሁንም አለ። ግን ይህ የሚያዝ ነገር ነው።

ኦቦክ ያለፍኩ፦

እኔን ከአገር ቤት ያስወጣኝ ደላላ ዛሬም አለ። ሱቅ ከፍቷል። ሰላም ይለኛል። ነጂውን ደግሞ ባየው አልስተውም። ቃሌን የት ነው የምሰጠው? ራሴ በሕገወጥ መንገድ ሄደሃል ተብዬስ አልከሰስም?

የሕግ ባለሙያ፦

ወንድሜ፣ በመጨረሻው ልጀምር። የፓሌርሞው ፕሮቶኮል አንቀጽ 5 አንድ ሰው የመሻገር ሰለባ በመሆኑ ብቻ እንዳይከሰስ ይላል። ተፈላጊው አንተ አይደለህም።

ደላላው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ የባሕር ሕግ ጣጣ የለበትም። የሰው መነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) በቀጥታ ይይዘዋል። ነጂው ሌላ አገር ሰው ቢሆን እንኳ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 18 በውጭ አገር በኢትዮጵያዊ ላይ የተፈጸመን ከባድ ወንጀል ይመለከታል። ይህ የሚሆነው ድርጊቱ በዚያም አገር ወንጀል ከሆነና ተጠርጣሪው እጃችን ከገባ ወይም ተላልፎ ከተሰጠን ነው። የቆቦ እህት ስምምነት ያለችው ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ቃልህን ለፌዴራል ፖሊስ ወይም ለፍትሕ ሚኒስቴር ዐቃቤ ሕግ መስጠት ትችላለህ። ከመሄድህ በፊት የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፈው፦ የተነሣህበት ቀን፣ የከፈልከው፣ ገንዘቡ የገባበት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አብረውህ የነበሩ ሰዎች፣ የነጂው መልክና የሚጠሩበት ስም። የድሮ ስልክህ ካለ አትጣለው። ደላላው እዚያው ከተማ ስላለ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዲጠበቅልህ ገና ሲጀመር ጠይቅ። ብቻህን አትሂድ። አብሬህ እሄዳለሁ፤ ክፍያ የለውም።

የቆቦ እህት፦

ሌሎቻችሁም ከራያ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከትግራይ ያላችሁና ያለፋችሁበት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከሕግ ባለሙያው ጋር አገናኛችኋለሁ። የደላላም ሆነ የምስክር ስም እዚህ አደባባይ ላይ አትጻፉ።